እናት ሆና የምትጮኸው ሴት

«የገዛ ልጇ ናት እኮ ያስነሳቻት» አለ ዘበኛው።

የሚያወራው ከላይኛው ፎቅ ጎረቤት ጋር ነው። ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎታል፤ ያ ደረጃ ግን ሹክሹክታ አያውቅም፣ የተባለውን ሁሉ አጉልቶ በየበሩ ያደርሳል። ልብስ ሰፊዋ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ አግብታ ሌላውን አንጠልጥላ በሯ ጀርባ ቆማለች። ቀጥሎ የሰማችው የብረት እግር ሲሚንቶ ላይ ሲፋቅ ነው። ያን ድምፅ የትም ቢሆን ትለየዋለች። የስፌት መኪናዋ ናት። አንድ እግሯን ባዶ እንዳደረገች በሩን በረገደችው።

መኪናዋ ከቦታዋ ተነሥታ ወደ ታች ተንጋልላለች፤ ዘበኛው ከላይ ይዟታል፣ አንድ የቀን ሠራተኛ ከታች። የጨርቅ ጣቃዎቹ ግድግዳው ሥር ተወርውረዋል። ካውያዋን፣ የክር ሳጥኗንና ደንበኛ የሚቀመጥባትን በርጩማ አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ሞጅረዋቸዋል። የደረጃው መታጠፊያ ሁለቱ ፎቆች የሚገናኙበት፣ ረጅም መስኮት ያለበት፣ ከጠዋት እስከ ማታ ብርሃን የማያጣ ቦታ ነው። የእሷ ክፍል ግን ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ የማይታይባት ጨለማ ናት። ስለዚህ የዕድሜዋን ግማሽ የጨረሰችው እዚያ መታጠፊያ ላይ ተቀምጣ ነው። ደንበኛ ደረጃውን ሲወጣ ያገኛታል፤ ዚፕ ላስቀይር፣ ሱሪ ላሳጥር ይላታል፤ ዋጋውን ስትነግረው ለአንድ ዚፕ ይሄን ሁሉ ብሎ ዓይኑን ያፈጣል፤ እሷም ሂድ ገበያ ጠይቅ፣ ስትመለስ ግን እጨምርብሃለሁ ትለዋለች። በዚህ ምላሷ የሕንፃው ሰው «መቀስ» ብሎ ይጠራታል፤ ከኋላዋ ነው እንጂ ፊት ለፊት የሚደፍራት የለም።

«ማን ፈቅዶልህ ነው እጅህን የምታሳርፍባት?»

«ባለቤቱ ናቸው እትዬ። እኔ የታዘዝኩትን ነው የማደርገው። አደጋ ቢመጣ ሰው መውጫ ያጣል ተብሎ ነው።»

«አንተ አሁን በየት መጣህ? በጣሪያ ነው የወረድከው?»

«እኔ እንኳን...»

«ይሄን የሚያህል ገላ ይዘህ ያለፍክበትን ማነው የማያልፍበት?»

የቀን ሠራተኛው ሳቁን በክርኑ ሸፈነ። የላይኛዋ ጎረቤት ግን የምታዝን መስላ አንገቷን ሰበር አደረገች። «ለሁላችንም ደህንነት ነው፣ እህቴ። ልጅሽ ደግሞ ዝም ብላ አትናገርም፤ ተምራለች» አለቻት። ልብስ ሰፊዋ መልስ አላጣችም፤ መልሱ ግን ለጎረቤት የሚባክን አልነበረም። ለባለቤቱ ነበር። ተመልሳ ገባች፣ ሌላኛውን ጫማዋን ልታደርግ።

ክፍሏ አንድ ናት፤ መሃሏን መጋረጃ ይከፍላታል። የጓዳው ወገን የእናት ነው፣ የበሩ ወገን የልጅ። የበሩን ወገን የመረጠችው ራሷ ልጅቷ ናት፤ ለመውጣት ይመቻል ብላ። ቀጭን ፍራሿን ጠቅልላ በገመድ አስራለች፣ ዛሬም ጎህ ሳይቀድ ወጥታለች። ከፍራሹ ጎን ያቺ ቦርሳ አለች፦ የእጅ ባትሪ፣ የታሸገ ውሃ፣ ፋሻ፣ ፊሽካ። እናትየው «የስደት ሻንጣ» ነው የምትላት። አንድ ቀን ማለዳ ከእጅ ባትሪው ውስጥ ድንጋዮቹን አውጥታ ለራዲዮዋ ወስዳቸው ስለነበር ሳምንት ሙሉ ሳይነጋገሩ ከርመዋል።

ነገሩ የተጀመረው እንደ ጨዋታ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ወጣቶችን ሰብስበው ስለ አደጋ የሚያስተምሩበት አንድ ማኅበር አለ፤ በየተራ ያስሞክሯቸዋል፣ የወደደውን ለትርፍ ጊዜው ይዞ የሚቀር አለ፣ እንጀራው ሊያደርገው የሚፈልግም አለ። ልጅቷ ሁሉንም ሞከረች። መጀመሪያ ገመድ ነበር፤ ቋጠሮ ስትለማመድ የመጋረጃውን ብረት ከነግድግዳው ልስን ነቅላ ጣለችው። ቀጥሎ የመጀመሪያ እርዳታ፤ ለደንበኛ ኮት የተገዛውን ገበር ሦስት ማዕዘን አድርጋ ቆራርጣ የጎረቤቱን ሕፃን ጤነኛ እጁን አንገቱ ላይ አሰረችለት። ያን ቀን እናትየው መቀሱን ይዛ ደረጃ ለደረጃ አሯሩጣታለች። ከዚያ ደግሞ የእጅ ሬዲዮ መጣ፤ ገበታ ላይ ጨው አቀብዪኝ ስትባል «ተቀብያለሁ» ማለት ጀመረች። አሁን በቅርቡ ሁሉንም ትታ ጸጥ ብላለች። ስትሰደብ አትመልስም፤ ዓይን ዓይን እያየች «እሺ፣ ገባኝ» ትላለች። ይሄ ከገመዱም ከገበሩም ይልቅ እናቷን ያንገበግባታል።

እና ስለ መታጠፊያው ደጋግማ ነግራታለች፤ ይሄ እውነት ነው። መውጫው ላይ ነሽ፣ ጭስ ቢሆን ሰው በአንቺ ይደናቀፋል ብላታለች። እናትየውም አታሟርቺብኝ ብላታለች። ክፉ ነገር ስሙን ሲጠሩት ቤቱ የተጠራ ይመስለዋል ብላ የምታምን ሴት ናት፤ አፍ አውጥቶ እሳት እሳት የሚል ልጅ ወልዳ መቀጣቷ ሳያንስ አሁን ደግሞ ከእሷ ጓዳ ተነሥቶ ለአከራይ የሚያመለክት! ማኅበሩ በየሕንፃችሁ መውጫ የዘጋውን አይታችሁ ለባለቤቱ ንገሩ ብሎ አዟቸው እንደነበር የሰማችው ዛሬ ከዘበኛው አፍ ነው።

ወደ ታች ወረደች። ምድር ቤት፣ ዋናው በር ጋ፣ የባለቤቱ የሲሚንቶ ከረጢቶችና ያረጁ በሮች እንደወትሮው ኮሪደሩን ግማሽ ይዘውታል። እነሱን ማንም አልነካቸውም። ወፍራም ሴት ናት፤ በጎኗ ዞራ፣ ሆዷን ስባ ነው ያለፈችው። ባለቤቱ በሩ ላይ ቆሞ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል።

«የእርስዎ ሲሚንቶስ? እሱ መውጫ አይዘጋም?»

«እሱ ጊዜያዊ ነው» አለ ባለቤቱ። «ያንቺ ግን ኖሮ ኖሮ ሥር ሰደደ። እኔ ምን አደረኩ፣ እመቤቴ? ልጅሽ መጥታ ነገረችኝ፣ እኔም ሕግ አክባሪ ነኝ።»

«ድንቄም ሕግ!» አለችው። መኪናዋ ግቢ ውስጥ፣ ጠሃይ ላይ ተቀምጣለች። ዘበኛው ማዳበሪያውን አጠገቧ ጣለው፤ ካውያው ሲንኳኳ ሰማች። ያኔ ነው የቆረጠችው። ልጅቷ አሥራ ስምንት ስላልሞላት ማኅበሩ ሲቀበላት የእናት ቃል ጠይቆ ነበር፤ ያን ቃል የሰጠው አፏ ራሱ ያነሣዋል። ዛሬ ደግሞ የአደጋ መሥሪያ ቤቶች ሰዎች መጥተው ከልጆቹ መካከል ለሥልጠና የሚወስዷቸውን የሚመርጡበት ቀን ነው፤ ልጅቷ ሰሞኑን ስትነግራት ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ አልፋት ነበር እንጂ ሰምታለች። ይምረጧታ። ከመረጧት በኋላ ከመሃላቸው በጆሮዋ ጎትታ ታወጣታለች። መታጠፊያውን የነጠቀችኝ ልጅ የእሷም መታጠፊያ ይነጠቅ፤ እንዲህ እያለች ነው ታክሲ ውስጥ የገባችው። ረዳቱ ሂሳብ ሲላት እንዲያ አተኩራ ስላየችው ሳትጠይቀው መልሷን ቆጥሮ ሰጣት።

ማኅበሩ የሚሰበሰበው በአንድ የተዘጋ መጋዘን ግቢ ነው። በሩ ላይ ክንዷ ላይ ጨርቅ ያሰረች ወጣት ቆማለች፤ ላቧ በግንባሯ ይወርዳል፣ ሰው ጠብቃ የመጣላት ይመስል ፊቷ በራ።

«እግዜር ይስጥዎት፣ መጡ! አይመጡም ብለን ነበር እኮ።»

«ለልጄ ነው የመጣሁት!»

«አዎ፣ አዎ፣ እናት ነዎት። ልብስዎም ልክ ነው፣ ሻሹ ደግሞ ጠመም ብሎ... ጎበዝ! በዚህ ይግቡ። ፊሽካ ሲነፋ ይጀምራሉ፤ ልጄን አምጡልኝ እያሉ ነው፣ እንደፈለጉ ይጩኹ።»

ለዚያ ቀን ልምምድ አንዲት ተዋናይ ከሰፈር ቲያትር ቡድን ተጠርታ ነበር። ሕንፃ ተቃጥሎ ልጇ የጠፋባት እናት ሆና እንድትጮህ፣ ልጆቹም የሚጮህ ዘመድ እንዴት እንደሚያዝ እንዲፈተኑባት። ተዋናይዋ ዘግይታለች። ልብስ ሰፊዋ ይህን አታውቅም፤ እንደፈለጉ ይጩኹ መባሏን ብቻ ሰማችና ምን ዓይነት ብልግና ነው ብላ ገፍታት ገባች።

ግቢው በጭስ ታፍኗል፤ በርሜል ውስጥ እርጥብ ነገር ያጨሳሉ። መሬት ላይ ልጆች ተጋድመዋል። አንዱ፣ የእሷን ልጅ የሚያክል፣ ከግንባሩ እስከ አንገቱ ቀይ በቀይ ነው። ለአንድ አፍታ ያ ሁሉ ንዴት የት እንደገባ ጠፋት፣ ዓይኗ የወደቁትን ፊት አንድ በአንድ ለቀመ። ከዚያ ደም የለበሰው ልጅ አንገቱን አከከና «ቶሎ ጀምሩ፣ ጉንዳን ገባብኝ» አለ። ቀለም ነው። የደነገጠችው ድንጋጤ ሁሉ ተመልሶ ንዴት ሆነ፣ ከነወለዱ።

«ልጄን አምጡልኝ!» ብላ ለቀቀችው። «የታለች? ያቺን ልጅ አሁኑኑ አምጡልኝ!»

አሰልጣኙ፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ድንክ ሰውዬ፣ አጠገቡ ወንበር ላይ ወደተቀመጡት እንግዶች ጎንበስ ብሎ «ከፊሽካው ቀደመች፤ ግድ የለም፣ እውነተኛ ሰው ፊሽካ አይጠብቅም» አላቸውና ነፋ። ልጆቹ ተነቃነቁ፣ ቃሬዛ ተነሣ። አንድ ቁመቱ የትየለሌ ወጣት ብርቱካናማ ሰደርያውን እያስተካከለ ወደሷ መጣ።

«እናቴ፣ ይረጋጉ።»

«ማነው እናትህ? አንተን ቀውላላ የወለደች ምን በልታ ነው?»

«ይረጋጉ ነው የምልዎት፣ እናቴ...»

«ተረጋጊ ሲሉኝ ነው የሚብስብኝ! ዞር በል ከፊቴ!»

ወጣቱ ዞር አለ። ከተጋደሙት ቁስለኞች አንዱ ሳቀ፤ እጁ የተሰበረው። ከእንግዶቹ መካከል መነጽር ያደረገች፣ ጠጉሯን ያሳጠረች ሴት አለች፤ በአደጋ ጊዜ ሰው ደውሎ የሚጮህባቸውን ስልኮች ከሚቀበለው ክፍል ነው የመጣችው። ወንበሯን ወደፊት ሳበች። አሰልጣኙም በእጁ ምልክት ሰጠ፣ ከቃሬዛው ጀርባ አንዲት ልጅ ወጣች። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ነበረች።

ልጅቷ አየቻት። ፊቷ ለአንድ ዓይን እርግብታ ያህል ባዶ ሆነ፤ አመድ መሰለች። ቆማ አሰልጣኙን ተመለከተች፣ እንግዶቹን ተመለከተች። ሌላ ልጅ ቢሆን እናቴ ናት ብሎ በተናገረ ነበር። እሷ ግን ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ፣ ፊት ለፊት ሳይሆን በጎን በኩል ቀርባ፣ ትንሽ ፈንጠር ብላ ቆመች።

«እዚህ ነኝ፤ እየሰማሁዎት ነው» አለቻት። «ማንን ነው የሚፈልጉት?»

እርስዎ አለቻት። የገዛ እናቷን፣ እንደ መንገደኛ።

«አንቺን! አንቺን ነው የምፈልገው፣ አንቺ ከሃዲ!»

«ልጅዎን እየፈለጉ ነው። ገባኝ። መጨረሻ ያዩዋት የት ነው?»

«ቤቴ! ጀርባዋን! ሌላ ምኗን አይቼ አውቃለሁ? ጀርባዋን ሰጥታኝ ገብታ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው የምትወጣው!»

አሰልጣኙ ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ። ልጅቷ ግን ጥያቄዋን ቀጠለች።

«ምን ለብሳ ነበር?»

«ይኸው የለበስሽው! ይሄ የመንገድ ጠራጊ ሰደርያ! ሰዎች፣ ስሙኝ፣ እኔ እናቷ ነኝ! የወለድኳት እናቷ ነኝ! የምጫወት መስሏችኋል?»

«በጣም ጥሩ» አለ አሰልጣኙ በሹክሹክታ። ማንም አላመናትም። እውነቱን ስትጮህ ይበልጥ ትወና መሰላቸው። ዙሪያዋን ስታይ በአድናቆት ፈገግ ብለው የሚያዩዋት ፊቶች ብቻ ናቸው፤ ተበድላ የመጣች ሴት የሰው መዝናኛ ሆና አረፈችው። ስለዚህ የቀረውን ሁሉ ዘረገፈችው። የስፌት መኪናዬን ግቢ አስጣለችብኝ አለች። የብርሃን ቦታዬን ለአከራይ አሳልፋ ሰጠች አለች። ነገ ደንበኛ መጥቶ የት ያገኘኛል፣ ምን ልትበላ ነው ያስነሳችኝ፣ ፋሻዋን ነው የምታበላኝ አለች።

«መውጫው ላይ ነበርሽ» አለች ልጅቷ።

አምልጧት ነው። እናትየው ተንደረደረች።

«የሰውዬው ሲሚንቶስ? እሱስ? ወይስ ለእሱ ምላስሽ አልደረሰም?»

«ነግሬዋለሁ» አለች፤ ድምፁ ለእናቷ ብቻ ነበር የሚሰማው። «ሳቀብኝ። ደግሜ ነግሬዋለሁ።» ከዚያ ዓይኗን አንዴ ጨፍና ገለጠችው፣ ያ የሰለጠነ ፊት ተመለሰ። «ብዙ ነገር አንድ ላይ ደርሶብዎታል። መናደድዎ ትክክል ነው። እዚህ ጭሱ ያፍንዎታል፤ ወደዚያ ጥላ አብረን እንሄዳለን። እጄን መያዝ ይችላሉ፤ ካልፈለጉም አጠገቤ ይሂዱ።»

እጇን አልያዘችም። ግን ሄደች። እግሯን ታዘበችው፤ እንዲህ ባለ ድምፅ ሲናገሩት እግር ለካ ባለ እግሩን ሳያማክር ይሄዳል። ጥላው ሥር ደርሳ ወንበር ላይ ቁጭ ስትል ነው ያን ድምፅ የት እንደምታውቀው የገባት። እሺ፣ ገባኝ። መናደድሽ ትክክል ነው። ልክ ነሽ። ወራት ሙሉ ቤት ውስጥ ሲያበሳጫት የነበረው ድምፅ ነው። ንቀት መስሏት ነበር፤ ንቀትም አልነበረም። ልጅቷ ስትለማመድባት ነበር! የገዛ እናቷን እንደ መለማመጃ አሻንጉሊት፣ እንደዚያ ቀይ ቀለም እንደተቀባው ልጅ! ማታ ማታ አፏ እስኪደርቅ ስትጮህ፣ ልጅቷ በልቧ ይሄን ልክ አደረግሁት፣ ይሄን ተሳሳትኩ ትል ነበር ማለት ነው።

ፊሽካ ተነፋ። ጭብጨባ ሆነ፤ ቁስለኞቹ ተነሥተው አጨበጨቡ። መነጽር ያደረገችው ሴት ልጅቷ ድረስ መጣች።

«እኔ ጋ ያሉት ለዓመታት የሠሩ ሰዎች እንኳን እንዲህ ያለ ጩኸት ሲመጣ ይንቀጠቀጣሉ። የት ነው የተማርሽው አንቺ?»

«ቤት» አለች ልጅቷ።

ሴትየዋ ሳቀች፣ አሰልጣኙም ሳቀ። ልብስ ሰፊዋ ጥላው ሥር ሆና ያን አንዲት ቃል ሰማቻት።

በዚያው ቅጽበት በሩ ላይ ግርግር ሆነ። አንዲት ቀጭን ሴት ቦርሳዋን ብብቷ ሥር ወሽቃ፣ እያለከለከች ሮጣ ገባች። «ይቅርታ፣ ይቅርታ! መንገድ ተዘግቶ ነው። የምጮኸው የት ጋ ነው?» አለች።

የበሩ ጠባቂ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አሰልጣኙ ተዋናይዋን አየ፣ ልብስ ሰፊዋን አየ፣ ልጅቷን አየ፤ ደሙ ከፊቱ ወረደ።

«እርስዎ... እውነትም እናቷ ነዎት?»

«እስካሁን ምን እያልኩህ ነው?»

አሰልጣኙ ወንበር አስመጣ፣ ውሃ አስመጣ፣ የመጣውን ውሃ ራሱ ጠጣው። እንግዶቹ ፊት ውርደት መሆኑ ነው ያስጨነቀው። መነጽር ያደረገችው ሴት ነገሩን ከመነሻው ጠየቀች፣ ተነገራት። ከዚያ «ልጅቷን እፈልጋታለሁ» አለች። «ግን ዕድሜዋ ስላልሞላ ያለ እናቷ ቃል አልወስዳትም።» ሁሉም ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረ። ይኸው፣ የመጣችበት ነገር እጇ ላይ ገባ። ልጅቷን አየቻት። መለመን ትጀምራለች ብላ ጠበቀች። ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ መሬት መሬት ታያለች፤ እጇ የሰደርያውን ጠርዝ ይዞ ይጠመዝዘዋል። ልመና ግን አልወጣትም።

አሰልጣኙ መሃል ገባ። «እናታችን፣ እኛ ጥፋት አጥፍተናል። ይሄ ሁሉ በደረጃ ምክንያት አይሁን። ልጅቷ ነገ ለባለቤቱ ተሳስቼ ነበር ትለዋለች፣ እኔም አብሬያት ሄጄ እናገራለሁ። ቦታዎ ይመለስልዎታል። ያን ያህል እኮ የሚዘጋ አይደለም፣ ሰው ዘወር ብሎ ያልፋል። አይደል?» አለና ልጅቷን በዓይኑ ጠቀሳት።

ከዚህ በላይ የምትፈልገው አልነበረም። መስኮቱ፣ ብርሃኑ፣ ደረጃ ላይ ሆኖ የሚከራከረው ደንበኛ፣ ሁሉም እዚያች ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ። እሺ ልትል አፏን ከፈተች።

«አልልም» አለች ልጅቷ።

«ምን?»

«ተሳስቼ ነበር አልልም። መውጫው ተዘግቷል። ካልወሰዳችሁኝም ይቅር።»

«አንቺ ልጅ፣ ሰዓቱ አይደለም!» አላት አሰልጣኙ ጥርሱን ነክሶ። «እናትሽን አስቢ። ዕድልሽን አስቢ። አንዲት ቃል እኮ ናት!»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። ከጠዋት ጀምሮ የያዘችው ፊት ተናግቷል። ያቺን ቃል ግን አላለቻትም። ልብስ ሰፊዋ ከአንዱ ወደ ሌላው አየች። ጨርቅ ሁሉ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል፤ አንዳንዱ ገና ሳይነኩት ይጨማደዳል። ይሄ ሰውዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ሰብስቦ መውጫ አይዘጋም፣ ሞት ነው ሲል ከርሞ፣ አንዲት ሴት ጮኸችበት ብሎ ደረጃውን መልሶ ሊዘጋ ነው። ለእሷ ማድላቱ እንኳን አላስደሰታትም። ከጮኸ ጋር የሚሄድ ሰው፣ ነገ ሌላ ሰው ሲጮህ እሷንም ይተዋታል።

«አንተ ነህ ይሄን የምታስተምራቸው?» አለችው።

«እኔ ለእርስዎ ብዬ...»

«ለእኔ ማን በል አለህ? ከሲሚንቶው ሰውዬ በምን ትሻላለህ? እሱ እንኳን ሲሚንቶውን ይዞ ድርቅ ብሏል!» ወደ ባለመነጽሯ ሴት ዞረች። «ውሰጃት። ቃሌን ሰጥቻለሁ። ለእኔም አትሆነኝም፤ ስልክ ላይ ትቀመጥና የሰው ጩኸት ትስማ፣ የእኔ ከበቃት።»

«ይቅር ብለዋታል ማለት ነው?» አለች ተዋናይዋ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

«ምን ቆርጦኝ!» አለችና ተነሣች። አንዱ ልጅ የዘረጋላትን ዳቦ ሳትይዝ ነው የወጣችው።

በታክሲ አብረው ነው የተመለሱት፤ ልጅቷ ከኋላ ወንበር፣ እናት ከፊት። ሹፌሩ አብረው መሆናቸውን አላወቀም። ሕንፃው ጋ ሲወርዱም አንዷ ከአንዷ ቀድማ ሄደች። ባለቤቱ የለም። ዘበኛው የስፌት መኪናዋ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ሻይ ይጠጣል፤ «መቀስ» ስትመጣ ሲያይ ብርጭቆውን ይዞ ቤቱ ገባ። ጣውላው ላይ የሻይ ክብ ቀርቷል። በክርኗ ጠረገችው። ጠሃይዋ ዘቅዝቃ ግድግዳው ላይ ወጥታለች።

ልጅቷ ሰደርያዋን አውልቃ መኪናዋን ከታች በኩል ያዘች። እናትየው ከላይ። ሲሚንቶው ጋ ሲደርሱ፣ ጠዋት ወንዶቹ ከከረጢቶቹ በላይ አንሥተው ያሳለፏት መኪና ለእነሱ አላልፍ አለች፤ ልጅቷ መኪናዋን አስቀምጣ፣ ከረጢቶቹን አንድ በአንድ እየጎተተች ወደ ግቢ አወጣቻቸው፤ አሮጌዎቹን በሮችም አወጣች። እናትየው ግድግዳ ተደግፋ ታያታለች። ከላይ መስኮት ጎረቤቷ ብቅ አለች። «ውይ፣ የሰውዬውን ዕቃ! ሲመጣ ጉድ ይፈላል እኮ!» ስትል ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ «ይፍላ! አንቺ መጋረጃሽን ዝጊ፣ ብርድ ይገባብሻል» አለቻት። እንደገና አነሡ። በየደረጃው ያርፋሉ። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ እናትየው ቆመች። የመጨረሻው ብርሃን በረጅሙ መስኮት ገብቶ ባዶውን ወለል ሞልቶታል፤ መኪናዋ የነበረችበት ቦታ ከሌላው ሲሚንቶ ይነጣል። ልጅቷም ቆመች፣ የብረቱን እግር ሳትለቅ። ሊወርድበት ያለውን ስድብ እንደሚጠብቅ ሰው ትከሻዋን ወጥራለች። እናትየው አፍንጫዋን ነፋችና ወደ ክፍሏ መራች።

ክፍል ውስጥ መኪና የምትገባበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ የጓዳውን ወገን አልጋው ይዞታል። ስለዚህ በበሩ ወገን፣ ልጅቷ በምትተኛበት ቦታ፣ አስቀመጧት። እናትየው ፍራሹን በእግሯ ወደ ግድግዳ ገፋችው። አምፖሉን አበራች፣ በርጩማውን ከማዳበሪያው አውጥታ ተቀመጠች፣ ጉልበቷን ከጣውላው ሥር ለማስገባት ወዲያ ወዲህ አለች። በሩ ወደ ውስጥ ሲከፈት የመኪናዋን ጠርዝ ነካና ተመለሰ።

ልጅቷ ደጁ ላይ ቀርታለች። በሩን ገፋ አደረገችው፣ ሳበችው፣ እንደገና ገፋችው። እናትየው ጀርባዋን ሰጥታት ክር ትመርጣለች።

«ተናገሪ» አለቻት ሳትዞር። «ካልተናገርሽ ትፈነጂያለሽ።»

«በሩ ግማሽ ብቻ ነው የሚከፈተው።»

«ቀጭን ነሽ፤ ይበቃሻል።»

ልጅቷ የበሩን ክፍተት አየች፤ ከዚያ በርጩማው ላይ የተቀመጠችውን ሰፊ ጀርባ አየች። አልገባችም።

«አንቺስ?» አለች።

እናትየው የክሩን ጫፍ በምላሷ አርጥባ፣ ወደ አምፖሉ አንጋጣ፣ ወደ መርፌው ቀዳዳ ሰደደችው፤ አልገባም። እንደገና አርጥባ ሰደደችው፤ አልገባም። ከጀርባዋ፣ በግማሹ በር ላይ፣ ልጅቷ ቆማ መልሱን ትጠብቃለች።